ወደ ኋላም የምትሄደው ባለሦስት እግር

ስለ ራሴ ማውራት አያሳፍረኝም። ያልሠራ ይፈር። ቤሩት ዳር፣ ምካሌስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከካርቶን ፋብሪካው ጀርባ ባለች ጋራዥ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብረት ስቆርጥና ስበይድ ኖሬያለሁ። ብየዳ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ከፊደል አልፌም ብዙ አልተማርኩም። ያየሁትን እሠራለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ አስቤ እሠራለሁ። በዚህ አገር "ሐበሻ" ሲባል ለሰው የምትታየው የሰው ቤት የምታጥብ ሴት ናት። ስለዚህ "ምካሌስ ውስጥ ሐበሻ በያጅ አለ" ሲባል እኔን ለማየት ብቻ የሚመጡ ነበሩ። አይተው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ የተሰበረ ዕቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

አሁን የብየዳ ጭምብሌን ሰቅያለሁ። ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ጋራዧንም የአለቃዬ ልጆች ከውጭ አገር ሆነው ሸጠዋታል። ጡረታ የሚባል ነገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው እዚህ የለም፤ መሣሪያዬን በጆንያ ይዤ ወጣሁ፣ አበቃ። ቁጭ ካልኩ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የመኪና ሞተር ስለገጠምኩላት ባለሦስት እግር ሞተር ሳይክል። የሚያወራው ብዙ ነው፣ ልኩን የሚያወራ ግን አልሰማሁም። ስለዚህ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ወደ ቤሩት ያመጣኝ መርከብ ነው። ከአሰብ ተሳፍሬ፣ በአንዲት አሮጌ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት የማጠጣ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቷ ከሰረና ወደቡ ላይ ጥሎን ጠፋ። ደመወዝ የለ፣ ስንቅ የለ፤ በመጨረሻ የውሃ ፓምፑም ቆመ። የቲማቲም ቆርቆሮና የጫማ ቆዳ ቆርጬ ፓምፑን አስነሣሁት። በዚያ ቀን ቁርጥራጭ ብረት ሊገዛ የመጣ አጭር፣ ደንዳና አርመናዊ ከላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ጥሩ። ያልተማረ እጅ የሚረሳው መጥፎ ልማድ የለውም። ነገ ና።"

ሙዓለም ሃጎፕን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ሙዓለም እዚህ አገር የሙያ አለቃ ማለት ነው። የመኖሪያ ወረቀቴን በስሙ አውጥቶ፣ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን በወረቀቱ አላስፈራራኝም። ይህን ለማለት የሚችል ስንት ሐበሻ አለ? ሲሳደብ ግን ጣራው ይነቃነቅ ነበር።

ሦስት ልማድ ነበረው። የመጀመሪያው፣ ጠዋት የበየደውን የመጀመሪያ ብየዳ ምንም ያህል ቢያምር ጠረጴዛው ላይ ባለው ማጥበቂያ፣ ሞርሳ ላይ፣ አስሮ በብረት መጋዙ፣ በሰጌቶ፣ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። "ያላ፣ ሆዱን እንየው" ይላል፤ ያላ በዐረብኛ በል እንቀጥል ማለት ነው። ውስጡ ቀዳዳ ወይም ጥቀርሻ ካለ፣ እጁ በዚያ ቀን ደህና አይደለምና እስኪስተካከል ድረስ የሰው ሥራ አይነካም። ሁለተኛው፣ ያለቀ ብየዳ በትንሽ መዶሻ እየመታ ጆሮውን ያስጠጋል። የተያያዘ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ያልተያያዘ ያጉረመርማል። ይህን ከእሱ ተምሬ ከእሱ በልጫለሁ፤ ራሱም አምኗል። ሦስተኛው፣ የሠራው ነገር ላይ ሌላ ሰው ከመውጣቱ በፊት ራሱ ይወጣበታል። አንድ ጊዜ ለሕንፃ መስኮት አጣቢዎች ማንጠልጠያ ሠራንና ያን የሚያህል ሰውነቱን ይዞ ከጋራዡ ጣራ ላይ ተንጠለጠለ። እግሩን እያወዛወዘ ሲጋራ ሲያጨስ፣ "ሙዓለም፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ውረድ! ሚስትህ እኔን ነው የምትገድለኝ" ብዬ ብጮህበት፣ "ከወደቅሁ አንተንም ይዤ ነው የምወድቀው፣ ሐበሽ። የሠራነው አብረን ነው" አለኝ።

ዛልቃ ሰፈር በሚገኝ ቤቱ፣ ሳንባው የብየዳ ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ ሞተ። ጋራዧን ለእኔ ትቶልኝ የሞተ ያህል ነበር፤ ልጆቹ ለረጅም ጊዜ አልጠየቁኝም። እኔም ስሙን አላስወረድኩም። ዛልቃ ያለው ትልቁ ዳቦ ቤት የምድጃው ሰንሰለት ተበጥሶ ሊጥ ውጭ ሲያድር፣ የትራክተር ሰንሰለት አሳጥሬ ገጥሜ በማግሥቱ ዳቦ ያስበላሁት እኔ ነኝ። መብራት የጠፋበትና ለነዳጅ የሚሰለፉበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ የስንቱን ሰፈር ጄኔሬተር አስነሣሁ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ፣ እድሩ እኔን ሲጠራ የሚጠራውን ያውቅ እንደነበር እንድትረዱልኝ ነው።

እድሩ የኛ ሴቶች እድር ነው። የሞተ ወደ አገር የሚልከው፣ የታመመ የሚያስታምመው እሱ ነው። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዛልቃ በተከራዩት አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ሊቀመንበሯ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ማዳም ቤት ሠርተው ማዳሟን ራሷን የሚያዝዙ ሴት። አንድ እሑድ በሰው ፊት እንዲህ አሉኝ፦

"ሽፈራው፣ በየስብሰባው የምትጎርርበትን እጅህን እስቲ ዛሬ አሳየን።"

"ምን ተሰበረ?"

"ብርቄ።"

ብርቄን ሁላችንም እናውቃታለን። ማዳሟ ቆልፋባት ተራራ ላይ ወዳለው ቤቷ ስትሄድ፣ ረሃቡ ሲጠናባት አንሶላ ቀጣጥላ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ልትወርድ የሞከረች ልጅ ናት። ቋጠሮው ተፈታ። ከወገቧ በታች አካሏ ሞተ። ሆስፒታል ሊጠይቋት ከእድሩ ጋር ከሄዱት መካከል ዳንኤል የሚባል፣ ባዳሮ ሰፈር ላለ ምግብ ቤት በሞተር ሳይክል ምግብ የሚያደርስ ልጅ ነበር። ሄዶ ሄዶ አገባት። ሰው "ለጽድቅ ነው" አለ። እኔ አይቻቸዋለሁ፤ ለጽድቅ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ይሰዳደቡና ይስቁ ነበር።

ከጋራዤ በላይ ባለው ዳገት፣ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። ብርቄ ከመቀመጥ ብዛት ወገቧ ላይ ቁስል ወጥቶባታል። ይህ ቁስል ባዳሮ ባለ የነጻ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን መታጠብ አለበት፤ ካልታጠበ ወደ አጥንት ይገባል። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቀርታ ትኩሳቱ ሊገድላት ነበር። ታክሲዎቹ ተሽከርካሪ ወንበሯን ሲያዩ አይቆሙም። ስለዚህ ዳንኤል በሞተር ሳይክሉ ኋላ አስቀምጦ፣ እንደ ሕፃን በነጠላ ከወገቡ ጋር አስሯት ነበር የሚወስዳት። ነጠላውን ከደረቱ ላይ ሲቋጥር "እናቴ እንዲህ አዝላኛለች፤ አሁን ብድሬን ለሰው ልጅ እየከፈልኩ ነው" ይላታል፤ እሷም ጀርባውን በቡጢ ትመታዋለች። ግን የሞተር ሳይክሉ ወንበር ቁስሉን ይፍቀዋል። ሐኪሙ በመጨረሻ "በዚህ መምጣት ካላቆመች ቁስሉ አይድንም፤ መምጣት ካቆመችም አይድንም" አላቸው።

"እና ባጃጅ ሥራልን" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ባጃጅ አልሠራም። የባጃጅ ሞተር ያን ዳገት ሁለት ሰው ይዞ ሲወጣ ያለቅሳል። የመኪና ሞተር ያላት ባለሦስት እግር እሠራለሁ።"

"የመኪና ሞተር በሞተር ሳይክል ላይ? አበድክ?"

"ወደ ኋላም ትሄዳለች።"

አዳራሹ ሳቀ። ሞተር ሳይክል ወደ ኋላ ሲሄድ ያየ የለማ።

እንዴት እንደሠራኋት ልንገራችሁ፤ ሥራ የሚያውቅ ይፍረድ። ከፊት የተጋጨች ትንሽ የጃፓን መኪና ሬሳ አገኘሁ። ሞተሯ፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይረው ካምቢዮዋና ጎማ የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎቿ እንደተያያዙ ነበሩ። መኪናዋን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ስለሆኑ ያን ሁሉ እንዳለ አንሥቼ ከኋላ አስቀመጥኩት፤ የፊት የነበሩት ሁለት ጎማዎች የኋላ ሆኑ። ክብደቱ ከኋላና ከታች ዋለ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ። ባለሦስት እግር የሚገለበጠው ክብደቱ ከፍ ሲል ነውና። ሻንሲውን፣ አጽሟን ማለት ነው፣ ስፌት ከሌለው ወፍራም ቱቦ ሠራሁ። ቱቦ ሲታጠፍ ሆዱ እንዳይጨማደድ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኜ፣ በእሳት አግዬ አጠፍኩት። የብርቄን መቀመጫ ከነጂው ኋላ፣ ከሞተሩ ፊት፣ በሞላ ላይ አንሳፍፌ፣ ቁስሉ በሚያርፍበት በኩል ስፖንጁን ቆርጬ ባዶ ተውኩት። ይህን ያሰበ ሌላ ሰው አምጡልኝ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ የፊቱ ነው። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ብዙ ከተጋደመ መሪው እንደ በሬ ይከብዳል፤ ብዙ ከቆመ ደግሞ ሲፈጥን ራሱን ይነቀንቃል። መሪው የሚዞርበትን ዘንግ መስመር በክር እስከ መሬት አወረድኩ፤ ከጎማው መሐል ደግሞ ቱንቢ፣ ክር ላይ የታሰረ ክብደት፣ ጣልኩ። ክሩ መሬት የሚነካበት ከቱንቢው ቀደም ማለት አለበት፤ ምን ያህል እንደሚቀድም ነው ጥያቄው። በየድኩ፣ ነዳሁ፣ ፈታሁ፣ እንደገና በየድኩ። መሪው በሁለት ጣት ዞሮ ስለቀው ራሱ እስኪመለስ ድረስ አልተኛሁም።

ሙዓለም ሃጎፕ ባይኖርም ሕጉ አለ። መጀመሪያ እኔ ወጣሁባት። ከጋራዡ በታች መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ጫፉ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከኩርባው ማዶ የሲሚንቶ ግንብ አለ። ባዶዋን ወረድኩ። አሸዋ በጆንያ ጭኜ ወረድኩ። ፈጥኜ ወረድኩ። ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ነው የዞረችው። የልጅነት ብስክሌት እንኳ የማላውቅ፣ ከመኪናና ከፎርክሊፍት በስተቀር ነድቼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ለኔ ይህን ያህል ከታዘዘች ሞተር ሳይክል ሲነዳ ለሚውል ልጅ ምን ልትሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ነው፤ ልክ ይህን።

ዳንኤል መጥቶ ግቢው ውስጥ ዙሪያዋን ነዳት። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ስምንት ቁጥር እየሠራ። ወደ ኋላ ስትሄድ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ጋሼ፣ ይህቺማ ሚስቴን ልታስኮበልልብኝ ነው!"

"ቁልቁለቱን ቀስ በል" አልኩት።

"ለኔ ነው? በሁለት እግር በዚህ ትራፊክ መሐል ሾርባ ሳላፈስ የማደርስ ሰው በሦስት እግር እወድቃለሁ?"

እኔም ሳቅሁ። እሱ የራሱን ሞተር ሳይክል ግድግዳው ሥር አቆመና ባለሦስት እግሯን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ ነዳጅ ሊቀዳ፣ ከዚያ ተመልሶ ብርቄን ሊወስድ ነው። የክሊኒክ ቀን ነበር። ብርቄ ለብሳ ቤቷ በር ላይ ትጠብቅ ነበር።

እኔ የጋራዡ በር ላይ ቆሜ የማየው በጆሮዬ ነው። ሞተሩ ንጹሕ ነበር፤ አንድም ሳል የለው። ድምፁ ኩርባው ጋ ደረሰ። ፍሬን ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ መዞር ያለበት ድምፅ አልዞረም።

ስደርስ የፊቱ ጎማ ከግንቡ ሥር ተሰክቶ ነበር። ሞተሩ ገና ይሠራል። ዳንኤል ከግንቡና ከመሪው መካከል ነበር። ሁለቱ እጆቹ እጀታዎቹን አልለቀቁም፤ ሰዎች መጥተው ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቋቸው። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

ለቅሶው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ብርቄ ከፊት፣ በወንበሯ ላይ፣ ያንን ነጠላ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው፦ ብየዳው ተላቀቀ፣ መሪው ተሰበረ፣ ሽማግሌው የቆሻሻ ብረት ቀጣጥሎ ልጁን ገደለው።

ይህን መሸከም አልቻልኩም። ጋራዡ ገብቼ ከግንቡ ሥር አንሥተው ያመጧትን ባለሦስት እግር በሰጌቶ ከፋፈትኳት። የመሪውን አንገት ሰነጠቅሁ፣ የሹካውን መጋጠሚያ ሰነጠቅሁ፣ የሻንሲውን ማዕዘኖች ሰነጠቅሁ። ሆዳቸውን አየሁ። እንደ ብር ያበራሉ፤ አንድም ቀዳዳ የለ። የተሰነጠቁትን ብረቶች በፌስታል ይዤ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ገባሁና እትዬ ዘነበች ፊት ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኳቸው።

"ይኸው እዩ! የኔ ብየዳ አልከዳውም!"

እትዬ ዘነበች ብረቱን አላዩትም። እኔን አዩኝ።

"ለቅሶ ቤት ብረት ተይዞ ይመጣል? ሽፈራው፣ ውጣ።"

ወጣሁ። እልኸኛ ነኝና አልተጸጸትኩም፤ ልክ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ልክ ከሆንኩ ግን ልጁ ለምን ሞተ? ይህን የሚመልስልኝ ብረት አልነበረም።

የመለሰልኝ የዳንኤል ሞተር ሳይክል ነው። ግድግዳው ሥር እንደቆመ ቀርቶ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ አብሮት ይሠራ የነበረ ሐሰን የሚባል ሶርያዊ ሊወስደው መጣ። እስኪመጣ ድረስ ግን ከጋራዡ ኋላ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነዳሁት፤ የልጁ እጅ የት የት እንዳረፈ ማወቅ ፈልጌ ይመስለኛል። ወድቄ ተነሥቼ ሚዛኑን ከለመድኩ በኋላ፣ በዝግታ ስሄድ ደህና ነበር። ፈጠን ብዬ ወደ ቀኝ ልታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞረው ግን ወደ ግራ ሊጥለኝ ተንደረደረ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ሐሰን ደርሶ ቆሞ ያየኝ ነበር።

"ያ ሐጅ፣ ምን እያደረግህ ነው? ወደ ቀኝ ለመሄድ ቀኙን እጀታ ግፋው!"

"ከገፋሁትማ ጎማው ወደ ግራ ይዞራል።"

"ይዙር! ሞተር ሳይክሉ ያኔ ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ሲጋደም ይታጠፋል። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንነዳው። ማንም አያስበውም፤ እጅ ነው የሚያውቀው።"

ገፋሁት። እንዳለው ሆነ። ሞተር ሳይክሉን አቁሜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሐሰን የታመምኩ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ባለሦስት እግር አይጋደምም። ቀኙን ከገፋህ የፊት ጎማው ወደ ግራ ይዞራል፣ አንተም ወደ ግራ ትሄዳለህ፤ ሌላ ነገር የለም። ግቢው ውስጥ በዝግታ ሲነዳት ዳንኤል መሪውን እንደ ማንኛውም ሰው ያዞር ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሲፈጥን ግን የዕድሜ ልክ ልማዱ መጣ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ቀኙን ገፋ። ወደ ግራ ሄደች። ደነገጠና የበለጠ ገፋ። የበለጠ ሄደች። እስከ ግንቡ ድረስ ይገፋ ነበር፤ ጣቶቹን ያላቀቁት ሰዎች ቀኝ ክንዱ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ እንደነበረ ነግረውኛል። እኔ ከእሱ በፊት ስንት ጊዜ ብወጣባት ይህን ማግኘት አልችልም ነበር። እጄ የሚረሳው ምንም አልነበረውማ። ሙዓለም ሃጎፕ በመርከቧ ላይ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ለምስጋና ወሰድኩት።

ይህን ለብርቄ ልነግራት ዳገቱን ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ነፃ መውጣቴንም ልነግራት ነው የሄድኩት። እትዬ ዘነበች እዚያ ነበሩ፤ ከዳንኤል ሞት ወዲህ እድሩ መኪና እየተከራየ ክሊኒክ ሲያደርሳት ገንዘቡ ሊያልቅ ስለደረሰ፣ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ሲያመቻቹ ደረስኩ። በመሪ ፋንታ ሁለት እጄን ዘርግቼ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እና ባሌ ነው ያጠፋው እያሉኝ ነው?"

"አላጠፋም። እጁ የለመደውን ነው ያደረገው።"

"ጋሼ፣ ያንን እጅ እኔ አውቀዋለሁ። ከኋላው ታስሬ ስሄድ ኩርባ ሲመጣ ትከሻው ሲገፋ ይሰማኝ ነበር። ወደምንሄድበት በኩል ይገፋል። ነጠላው ይስበኝ ነበር።" ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ የማውቀውን እርስዎ ለምን አልጠየቁንም?"

ስለ ብየዳ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ቱንቢ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እስኪመሽ አስረዳዋለሁ። የሚነዳውን ሰው "አንተ እንዴት ነው የምትታጠፈው?" ብዬ አልጠየቅሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ነገር ከሸፈብኝ እሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሉንም የሚያህል ነው።

እትዬ ዘነበች "በይ ልጄ፣ ይበቃል፤ አገርሽ ግቢ" አሏት።

"አገሬ ገብቼ ማን ያጥበኛል፣ እትዬ? የእናቴ ቤት ከጤና ጣቢያው ግማሽ ቀን ነው። ቁስሉ ነው የሚቀብረኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ሞተር ሳይክል ነድቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው እጄ የሚረሳው የለውም።"

የሙዓለሜን ቃል ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያው ቃል ከእሷ አፍ ወጣ።

በሰጌቶ የከፈትኩትን ሁሉ መልሼ በየድኩ። በየቀኑ የመጀመሪያውን ብየዳ እየሰነጠቅሁ፣ ሆዱን እያየሁ። የዓይኔ ሞራ ያኔ ነው የጀመረው፤ የመጨረሻ ሥራዬም እሷ ናት። ካምቢዮዋ ማርሹን ራሱ ስለሚቀይር እግር አያስፈልግም፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ አደረግሁት። ነጂው ወንበር ላይ ጀርባና የወገብ ቀበቶ ሠራሁ፤ ስፖንጁን እንደ በፊቱ ቆረጥኩት። ተሽከርካሪ ወንበሯን በጎን የሚያቅፍ ክንድ ጨመርኩ። ሜዳው ላይ ሳምንታት ነዳች፤ በዝግታ ሳይሆን ሆን ብዬ በፍጥነት። "ወዴት ትሄጃለሽ?" እላለሁ። "ወደ ቀኝ!" ትላለች። "እጅሽስ?" "ወደ ቀኝ!" ሐሰን አንድ ቀን ሊሞክራት ለመነኝ። ቁልፉን ከኪሴ አላወጣሁም።

ራሷ ነድታ በምትሄድበት በመጀመሪያው የክሊኒክ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ልሸኛት ስል በእጇ ወደ ኋላው ወንበር ጠቆመች።

"ይውጡ።"

"እኔ ምን እሠራለሁ?"

"የሠሩት ነገር ላይ አይወጡም?"

ወጣሁ። ነጠላውን ከጭኗ አንሥታ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ወረወረችልኝ። "ይታሰሩ" አለች። ከወገቧ ጋር አዙሬ፣ በጀርባዬ አሳልፌ ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ፤ ሦስተኛውን በጥርሴ ስቤ አጠበቅሁት።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ግንቡ ከሩቅ ታየ፤ ሲሚንቶው ላይ የተቦረቦረው ነጭ ምልክት አለ። ሁለት እጄን ትከሻዋ ላይ እንዳደረግሁ አላወቅሁም ነበር።

"ጋሼ፣ አይግፉኝ" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "እጅዎን ያሳርፉ።"

እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረችው። ባለሦስት እግሯ ወደ ቀኝ ዞረች።

ከኩርባው አልፋ አቆመች። ኋላ ያለ መኪና ጥሩምባ እየነፋ አልፎን ሄደ፤ አልሰማችውም። ከዚያ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባችና፣ ያ ሁሉ አዳራሽ የሳቀበትን ነገር ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ሄደች፤ ግንቡ ጎን እስክንደርስ። እጇን ዘርግታ የተቦረቦረውን ሲሚንቶ በመዳፏ ዳሰሰችው። አላለቀሰችም፤ በነጠላው ግን የጀርባዋ መንቀጥቀጥ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

"ያላ" አለች በመጨረሻ። "ሐኪሙ ይጠብቃል።"

ማርሹን ወደ ፊት አስገባችው።